አሥራ አንድ ብልቃጥ ኬክ

አሰላ
መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ ሸዋዬ፣

እንደምን ከርመዋል? ደም ግፊትዎስ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የአቦምሳ ሙቀት ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ። እዚህ ዝናቡ ገና አለቀቀንም፤ የጭላሎን ተራራ ካየነው ሁለት ሳምንት ሊሆነን ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ትንሽ ከስቻለሁ ይሉኛል፤ ባል የሚከሳው ሚስቱ ስትሞት መሆኑን እያወቁ ለምን እንደሚገርማቸው አላውቅም።

ወረቀት ያነሳሁት ስልኬን ስላላነሱልኝ ነው። አይፈረድብዎትም። ተናኜን የቀበርን ዕለት፣ ግቢው ውስጥ በሰው ሁሉ ፊት «እህቴ ስትሞት ለምን አልነገርከኝም?» ብለው ሲጮሁ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ዘጠኝ ወር ሙሉ መልስ ስፈልግ ከረምኩ። ይቅር ቢሉኝ ከዚህ ዓለም ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። ግን ይቅርታ በወረቀት እንደማይለመን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዛሬ የጻፍኩት ለሌላ ጉዳይ ነው። ኬክ መጋገር እንዲያስተምሩኝ ነው። ይሳቁ፣ ግድ የለም።

እንደሚያውቁት ተናኜ በየዓመቱ ስንዴው ታጭዶ ሲገባ ያንን የቅመም ኬኳን በማርማላት ብልቃጥ ውስጥ ትጋግር ነበር። ክዳኑን ዘግታ፣ አንገቱን በብጣሽ ጨርቅ አስራ፣ በዓመቱ ውስጥ ደግ ለዋለላት ሁሉ ታድላለች። ለምን በሳህን አትሰጪም ብላት፣ «ሳህን ባዶውን መመለስ ለሰው ይከብዳል፤ ብልቃጥ ግን ተሰጥቶ ይቀራል። ምስጋና መልስ ከጠየቀ ምኑን ምስጋና ሆነ?» ትለኝ ነበር። ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት እጄን ይዛ የአሥራ አንድ ሰው ስም ጠራችልኝ። ጠዋትና ማታ እየመጡ ሲያስታምሟት የነበሩ ናቸው። «ዘንድሮ ሳልጋግርላቸው ቀረሁ፤ አንተ ስጥልኝ» አለች። ከኬክ ቤት ገዝቼ ብሰጥ የምታውቅብኝ ይመስለኛል።

ኅዳር 28 ቀን እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቤት ውስጥ ትንሽ የምስጋና ጸሎት አድርጌ ለአሥራ አንዱም በየእጃቸው ልሰጥ አስቤአለሁ። እርስዎ ቢገኙልኝ ቤቱ ይሞላልኝ ነበር። ባይመጡም አሠራሩን ብቻ ይጻፉልኝ፤ እሷንም ያስተማሯት እርስዎ ነዎት።

ባለፈው ሳምንት በራሴ ሞክሬ ነበር። ተናኜ የቅመም ዕቃዎቿ ላይ ስም አትጽፍም፣ አሽትታ ነው የምትለያቸው። የእኔ አፍንጫ ደግሞ አርባ ዓመት ናፍጣ ሲያሸት የኖረ የመካኒክ አፍንጫ ነው። ቡናማውን ዱቄት ቀረፋ ነው ብዬ ሦስት ማንኪያ ሞጀርኩበት። ለካ መከለሻ ኖሯል። ጎረቤቴ አብዶ፣ ባለ ባጃጁ፣ አንዴ ጎረሰና ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ «ጋሼ፣ ይኼ እንጀራ ይፈልጋል» አለኝ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ የአቦምሳው መኪና ሾፌር ሁሴኖ ነው። መልስ ካለዎት ለእሱ ይስጡት፤ ረቡዕና ዓርብ ይመለሳል።

አክባሪዎ፣
ሀይሉ ዋቅጅራ


አቦምሳ
መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሀይሉ፣

ሰላም ነህ? ደብዳቤህ ደርሶኛል። ደም ግፊቴም እንዳለ ነው፣ ጉልበቴም እንዳለ ነው፣ እኔም እንዳለሁ ነኝ። ስለሌላው ነገር አልጽፍም። ስለ ኬኩ ግን ዝም ብልህ ሰው ትፈጃለህ።

ይህ ለአራት ብልቃጥ የሚሆን ነው። ሦስት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ ስኳር፣ ግማሽ ብርጭቆ ለጋ ቅቤ፣ ሦስት እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። ቅመሙ ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ነው። ቅርንፉዱን አታብዛ፣ የጥርስ መድኃኒት ይሆንብሃል። ኮረሪማውን ፈልፍለህ ራስህ ውቀጠው፤ የተፈጨ ከገበያ ከገዛህ ያገሩን አፈር ጨምረህ ነው የምትገዛው። ዘቢብ ካለህ በዱቄት አሽተህ ጨምር፣ አለዚያ ታች ይቀመጣል።

ብልቃጡን ውስጡን ቅቤ ቀብተህ ዱቄት ንፋበት። ከግማሹ በላይ እንዳትሞላ። ቀዝቃዛ ብልቃጥ እሳት ላይ ከጣልክ ይፈነዳል፤ ሙቅ ውሃ ያለበት ትሪ ላይ ደርድረህ አስገባው። ስንጥር ስትወጋበት ደርቆ ከወጣ በስሏል። ክዳኑን የምትገጥመው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ በትኩሱ ከዘጋኸው ያልበውና ይሻግታል። ብልቃጥ ውስጥ ገባ ተብሎ እንደ ማር ዓመት አይቀመጥም። በዋዜማው ጋግር፣ በሦስት ቀን ብሉት ብለህ ስጥ።

መምጣት አለመምጣቴን አሁን አልነግርህም። በወረቀቱ ጀርባ አንድ ነገር ጠይቄሃለሁ። እሱን ሳትመልስ ስለ ኬክ እንዳትጽፍልኝ።

ሸዋዬ


አሰላ
ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸዋዬ፣

ጤናዎን እንደ ወትሮው እመኛለሁ። በጀርባው የጠየቁኝን አስቀድሜ ልመልስ፤ ዳር ዳር ስል እንዳልሸሽ።

የለም፣ እትዬ። ስምዎን አላነሳችም። አሥራ አንዱን ስትቆጥር አሥራ ሁለተኛው የእርስዎ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ሸዋዬስ?» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ካነሳሁ «አምጣልኝ» ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ሕመሙ አስረስቷት ነው እያልኩ እኖራለሁ። እርስዎም እባክዎን እንደዚያ ብለው ይያዙት። ይህን መጻፍ ከበደኝ፣ ግን ጠየቁኝ።

አንዱን እውነት ካወጣሁ ሌላውንም ላውጣው። ዘመድ ሁሉ «ለሸዋዬ አትንገሯት ያለችው ራሷ ተናኜ ናት» እያለ እንደሚያወራ ሰምቻለሁ፤ ለእኔ አዝነው ነው። ሐሰት ነው። የወሰንኩት እኔ ነኝ። ደም ግፊት አለባት፣ ትደነግጣለች እያልኩ ለራሴም ለሰውም ተናገርኩ። እውነቱ ግን፣ እርስዎ ሻንጣዎን ይዘው በዚያ በር ከገቡ ተናኜ አትድንም ማለት ነበር። እርስዎ አቦምሳ እስካሉ ድረስ የተያዘችው በጉንፋን መስሎ ይታየኝ ነበር። ልቧ እንደደከመ ሐኪሙ ነግሮኛል፤ እኔ ግን አልሰማሁትም። ለዚህ ብዬ የእህትዎን ዓይን ሳያዩ እንዲቀሩ አደረግሁ።

ከዚህም የባሰ አለ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት አንዲት ነርስ ከሥራዋ በፊት ቤት ድረስ እየመጣች መርፌ ትወጋት ነበር። ያን ጊዜ አጠገቧ ነኝ። ምሳ አበላታለሁ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ግን «ጋራዥ ጠርተውኛል» ብያት እወጣለሁ። የአጨዳ ወቅት ነው፣ ኮምባይነር ይበላሻል፣ ሀይሉን ጥሩልን ይላሉ እያልኩ። ማንም አልጠራኝም፣ እትዬ። ጡረታ ከወጣሁ አምስት ዓመቴ ነው። ባዶ የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጬ ልጆቹ ሲፈቱ ሲገጥሙ እያየሁ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እውላለሁ። እያየኋት ስትደክም መቀመጥ አቃተኝ። ልጅ አልወለድንም፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም። ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ከሰዓት ከሰዓት፣ ብቻዋን ግድግዳ ስታይ ተኛች። ስመለስ ደግሞ ፊቷ ፈካ ብሎ ነው የማገኛት። እኔ እንዳልከፋ ብላ ነው እያልኩ ይበልጥ አፍር ነበር።

አሁን ስለ ኬኩ። ምድጃ ሠርቻለሁ፤ በርሜል ለሁለት ቆርጬ፣ ፍሙ ከላይም ከታችም የሚሆን። እንዳሉኝ አድርጌ ብልቃጥ አልፈነዳብኝም። ሊጡ ግን ተነፍቶ ተነፍቶ በአፉ ወጣና ጎኑ ላይ ፈሰሰ፤ መሃሉ ደግሞ ሰመጠ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሁለቴም ያው። ጥፋቱ የምድጃዬ ነው ወይስ የእጄ?

ሀይሉ


አቦምሳ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀይሉ፣

እንደምን አለህ? ደብዳቤህን አንብቤ አጣጠፍኩት፣ እንደገና ፈትቼ አነበብኩት። ለጻፍከው ነገር መልስ አለኝ፣ ግን አሁን አልወጣ አለኝና ታገሠኝ። እውነቱን ስለነገርከኝ ግን ከልቤ አመሰግንሃለሁ። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን በሟች ላይ አላክክ ነበር።

ጥፋቱ የምድጃህም የእጅህም አይደለም፣ የእኔ ነው። የጻፍኩልህ የቆላ ልክ ነው። እኛ ዘንድ ሊጥ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ደጋ ላይ ግን ቤኪንግ ፓውደር ይጠናበታል። ተናኜም አግብታህ አሰላ የወጣች ዓመት የመጀመሪያ ኬኳ እንዲሁ ፈሶባት አልቅሳ ነበር። ላንተ አልነገረችህም እንጂ ለዶሮ ነው የሰጠችው። ቤኪንግ ፓውደሩን በግማሽ ቀንሰው፣ አንድ እንቁላል ጨምር፣ ከስኳሩ ሁለት ማንኪያ አጉድል፣ ከታች ያለውን ፍም ትንሽ አጠንክረው።

ሌላው ቀኑ ነው። እኛ የማንጾም ፕሮቴስታንቶች ይህን እንረሳለን። ኅዳር 28 እኮ የገና ጾም ነው። ያቺን ሲስተር መክሊትን በቅቤና በእንቁላል የታሸ ኬክ ልታስታቅፋት ነው? ተናኜ ወተት አስፈልታ ስታስቀርብላት ጾም ነው ብላ ሻይዋን ብቻ ጠጥታ የሄደች ልጅ፣ ብልቃጡን እስከ ገና ድረስ ቁጭ ብላ ልታየው? ስትፈስከው ሻግቶ ይጠብቃታል። እምቢ እንዳትልህ ደግሞ ታከብርሃለች። ጾሙ ኅዳር 15 ነው የሚገባው፤ ከዚያ በፊት አድርገውና ሁሉም በደስታ ይብላ።

ሸዋዬ


አሰላ
ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸዋዬ፣

«ወንድሜ» ብለው ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከኬኩ በላይ ያቺ ቃል ጠገነችኝ።

ኬኩም ወጣልኝ። ከብልቃጡ አፍ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ቀይ ሆኖ በሰለ፤ ቤቱ ቅመም ቅመም ሸተተ። አብዶ አንዱን ብልቃጥ በማንኪያ ጠርጎ ጨረሰና ሌላ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ቀኑን እንዳሉኝ ለኅዳር 7 እሑድ አዛውሬዋለሁ፤ ለሁሉም ነግሬአለሁ። ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ ላመሰግናት የጠራኋትን ልጅ አሳቅቄ እመልሳት ነበር።

አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት።

የነርሷን ስም እኔ አልጻፍኩልዎትም። ደብዳቤ ስጽፍ ግልባጭ የማስቀር ሰው ነኝ፣ ከእርሻ ድርጅት ሥራዬ የቀረ ልማዴ ነው። ግልባጩን አውጥቼ አየሁት፤ «አንዲት ነርስ» ነው የሚለው። በቀብሩ ዕለት ተረኛ ስለነበረች አልመጣችም፣ አላገኟትም። ሻይ ጠጥታ የሄደች ጊዜ ደግሞ ቤት ውስጥ የነበርነው ሦስታችን ብቻ ነን። እኔ ለማንም አላወራሁም፣ መክሊትም እርስዎን አታውቅም።

እትዬ፣ ይህን ማን ነገረዎት? እንደ ክስ አይውሰዱብኝ። ማወቅ ስለምፈልግ ብቻ ነው።

ሀይሉ


አቦምሳ
ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀይሉ፣

ሁሴኖ ደብዳቤህን ሲሰጠኝ እዚያው መናኸሪያው አጥር ሥር ቆሜ አነበብኩት። እቤት ስገባ ደግሞ ሦስት ቀን ብዕር አላነሳሁም። ይቅርታ፣ አስጠበቅሁህ። ከዚያ በፊትም አሥር ወር አስጠብቄሃለሁ።

የነገረችኝ ራሷ ተናኜ ናት።

በተኛች በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ። «ሀይሉ እንዳትሰሚ ብሎ ተጨንቋል። ሸዋዬ አልሰማችም ማለት አልሞትም ማለት ሆኖበታል፤ አቁሞ የያዘው እሱ ነው። እንዳልሰማሽ ሁኚልኝ፤ አትምጪ» አለችኝ። አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፣ ነገ እመጣለሁ አልኳት። «ከመጣሽ ይወድቅብኛል፤ እኔ ደግሞ የማነሳበት ጉልበት የለኝም» አለች። በእናታችን አስማለችኝ፤ ማልኩላት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ትደውል ነበር። አንተ በሩን ዘግተህ ስትወጣ «ሄደልን!» ብላ ነው የምትጀምረው። ድምፅዋ ሲደክም ስልኩን ትራስዋ ላይ ታስቀምጠውና እኔ አወራላታለሁ። የልጅነታችንን፣ የሰፈሩን ሰው፣ ያንተን ነገር እያነሳን ስንስቅ እንውላለን፤ ሳል እስኪይዛት። መክሊትንም ወተቱንም የነገረችኝ እንዲያ ስናወራ ነው። ጋራዥ ማንም እንዳልጠራህ ደግሞ ታውቅ ነበር፣ ሀይሉ። አብዶ በባጃጁ ሲያልፍ በርሜሉ ላይ ቁጭ ብለህ አይቶህ ነግሯታል። አልከፋትም። «ተዪው፣ እዚያ ይተንፍስ፤ እዚህ ሲሆን እኔን እያየ ትንፋሹን ይይዛል» ነበር ያለችኝ። ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ ያገኘኸው ላንተ ብላ አይደለም። ስታወራ ውላ ነው።

አሁን የእኔን ኃጢአት ስማ። ቀብሩ ካለቀ በኋላ ደረስኩ። ግቢ ስገባ ሴቶቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። ታላቅ እህቷ ስድስት ሳምንት የት ነበረች? ማንም አላለም፤ እኔ ግን ከፊታቸው አነበብኩት። ሰምቼ ቀረሁ ልበል? ማን ያምነኛል? አፌን ስከፍት ያ ጩኸት ወጣ። «ለምን አልነገርከኝም» አልኩህ፣ እያወቅሁ። አንተ አንገትህን ደፍተህ ቆምክ። አገሩ ሁሉ ፈረደብህ፣ አንተም ፍርዱን ተሸክመህ ኖርክ። ስልክህን ያላነሳሁት ተቀይሜህ አይደለም፤ ድምፅህን ሰምቼ መዋሸት ስላቃተኝ ነው። ስሜን አንስታ እንደሆነ የጠየቅሁህም ነግራህ እንደሆነ ለማወቅ ነበር። አስረስቷት አይደለም። እኔን በአፏ አመስግናኛለች፣ መጨረሻ የደወለች ቀን።

ኅዳር 7 ከመጣሁ ከጸሎቱ በፊት ተነስቼ በሰው ሁሉ ፊት እውነቱን እናገራለሁ። በሰው ፊት የወሰድኩትን ስምህን በሰው ፊት እመልስልሃለሁ። ዓይንሽን አላይም ካልከኝም አይፈረድብህም። እሱንም ቢሆን ጻፍልኝ።

የበደለችህ፣
ሸዋዬ


አሰላ
ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸዋዬ፣

ብቻዋን አልነበረችም ማለት ነው።

ይቺን መስመር ጽፌ ተነሳሁ፣ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አብዶ በአጥሩ ላይ አይቶኝ «ምን አገኘህ ጋሼ?» አለኝ። «ሚስቴ ስትስቅ ነበር» አልኩት። ሐኪም ይጥራልኝ አይጥራልኝ እያሰበ አየኝ።

እትዬ፣ ይቅርታ የሚጠይቁኝ በምን ነው? እኔ በሸሸሁበት ሰዓት እርስዎ ነበሩ። እየናፈቋት፣ ልምጣ እያሉ፣ በመሐላ ታስረው፣ በስልክ እህትዎን አስታመሙ። እኔ ያጎደልኩትን ሞልተውልኛል። አንድ ጊዜ ቢጮሁብኝ ምን አለበት? አሥር ወር ሙሉ ያንን ከሰዓት በኋላ እያሰብኩ ምሳ መብላት አቅቶኝ ነበር። ደብዳቤዎን ያነበብኩ ቀን በልቼ ደገምኩ። እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልዎት፤ እኔ አልችለውም።

በሰው ፊት ምንም እንዳይናገሩ። ተናኜ የሸሸገችልኝን አደባባይ አናወጣውም። ሰው የፈረደብኝን ለምጄዋለሁ፤ ደግሞ በከፊል ልክ ነው። አጠገቤ ይቀመጡልኝ፣ ያ ብቻ ይበቃል። ጎን ለጎን ተቀምጠን ሲያዩን የሚገባው ይገባዋል።

ኬኩ ቅዳሜ ይጋገራል። እርስዎ ግን ዓርብ ከሁሴኖ ጋር ይምጡ፤ የፊት ወንበር እንዲይዝልዎት ነግሬዋለሁ። የተናኜን ክፍል አጽድቼ አልጋውን አንጥፌአለሁ። ለጉልበትዎ ብርድ እንዳይሆን ሁለት ብርድ ልብስ አድርጌበታለሁ።

አንድ አደራ ብቻ አለብኝ። በእነዚያ ከሰዓት በኋላዎች ምን ብላ እንደሳቀች ይንገሩኝ። ከመጀመሪያው ቀን ይጀምሩ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን። በእኔ እየቀለደች የሳቀችውንም አይዝለሉብኝ። የስድስት ሳምንት ወሬ ነውና በአንድ ቀን አያልቅም። ቀስ ብለው ይንገሩኝ፤ አሁን የትም አልሄድም።

ወንድምዎ፣
ሀይሉ